ብሩ ወር አልደርስ አለን፣ እቁቡን እንተወው እንዴ?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ተቀጣሪ ነን፣ ተቆራርጦ እጃችን የሚገባው 31,000 አካባቢ ነው። የቤት ኪራይ 11,000፣ የትልቁ ልጅ ኬጂ 2,800፣ ትራንስፖርት 4,000 ምናምን፣ እቁብ 3,000፣ መብራት ውሃ እድር አንድ ላይ 900። የቀረው ለአስቤዛ ነው እንላለን ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ ከዛ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ እየወሰድን እንከርምና ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ ዱቤ እንከፍላለን፣ እንደገና ያው። ባለቤቴ እቁቡ ይቅርብን እያለኝ ነው። 12 ሰው ነን፣ 7ኛው ዙር ወጥቷል የኛ ዕጣ ገና ነው። እኔ ደሞ እቁቡ ከቀረ አምስት ሳንቲም የምንይዝ አይመስለኝም። እናንተ ብትሆኑስ? "ደሞዛችሁ አንሶ ነው" እንዳትሉኝ እሱን አውቀዋለሁ 😂

ባለ ሒሳቡ፦
እህቴ እቁቡን እንዳትነኪው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ደሞ ያለወለድ ቆጠበ። ያው 3,000 በየወሩ ባንክ ብታስገቢና 7 ፐርሰንት ቢያስቡልሽ በዓመቱ 36,000ው ላይ የሚጨመርልሽ 1,300 ብር አካባቢ ነው፣ እሱም ካልነካሽው ነው፣ ኤቲኤም ካርዱ ቦርሳሽ ውስጥ እያለ አትነኪውም? እቁብ ሲሆን ጸሐፊው ይደውላል፣ ዋስሽን ታፍሪያለሽ፣ ባንክ ግን ለምን አላስገባሽም ብሎ የሚደውልልሽ የለም። ደሞ እኛ ጋ መሀል ላይ ለወጣ ሰው ያስገባውን የሚመልሱለት ዙሩ ሲያልቅ ነው፣ እናንተ ጋም እንደዛ ከሆነ ብትወጪም አሁን እጅሽ የሚገባ ብር የለም።
አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ መጨረሻ መድረስም ያቃጥላል። ሐምሌ 2016 የዶላሩ ምንዛሬ በገበያ ይመራ ሲባል እኔ የመጨረሻው ዕጣ ላይ ነበርኩ፣ ለፍሪጅ ብዬ የጣልኩት ብር ሲደርሰኝ ፍሪጁ ጥሎኝ ሄዷል። ስለዚህ ጸሐፊውን አናግሪ፣ ዕጣ ወጥቶለት ብሩን አሁን የማይፈልገው ሰው ካለ ተቀያየሩ።

እትዬ፦
ልጄ፣ የእቁቡን ነገር ለጊዜው እናቆየው፣ ዱቤውን ነው ማየት። የባለሱቁን ደብተር ተቀበይውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ድምሩን ብቻ እያየሽ አትክፈይ። እኔ ልጆች ሳሳድግ ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ፣ ስኳር በሩብ እያልኩ ስገዛ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳሰላው የባለሱቁን ቤት እኔ ነኝ የሠራሁለት። ደሞዝ በገባ በነጋታው እሁድ ገበያ ወይ ሸማቾች ሄደሽ የማይበላሸውን አንዴ አስገቢ። በርበሬም ቢሆን ዛላው ሲረክስ ጠብቆ የዓመት ማስፈጨት ነው እንጂ የተፈጨ በኪሎ አይዘለቅም፣ ምን እንደቀላቀሉበትም አይታወቅ።

ዝም አልልም፦
ባልየው የራሱን ወጪ ጽፎ ያሳይ እስቲ መጀመሪያ 😂 እቁብ ይቅር የሚል ወንድ ማኪያቶው ይቅር ሲል ሰምቼ አላውቅም

የጀሞዋ፦
እትዬ ይስጥልኝ። ደብተሩን ትናንት ማታ ፎቶ አንስቼው መጣሁ። እዩት እንግዲህ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር 9 ጊዜ፣ ላርጎ 6፣ እንቁላል በፍሬ፣ ሶፍት፣ እና ዳይፐር በፍሬ፣ ዳይፐር በፍሬ፣ ዳይፐር በፍሬ፣ ገጹ ሙሉ እሱ ነው። ቆጠርኩት 120! በ28 ብር 3,360፣ እቁቡን ያስንቃል። ባለ 40ው እሽግ 880 ነው፣ ሦስት እሽግ 2,640 ይመጣል፣ 720 ብር በዛ ብቻ ልዩነት። ለምን በፍሬ ትገዢያለሽ እንዳትሉኝ፣ 880 ብር አንድ ላይ እጄ ላይ ስለሌለ ነው፣ የሌለው ደሞ ደሞዙን ለዱቤ ስለከፈልኩት ነው፣ ክቡን አያችሁት?
በዚህ ወር ባለሱቁን ግማሹን ልክፈልህ ግማሹን በሚቀጥለው አልኩት፣ ፊቱ ጠቆር አለ ግን እሺ ብሏል። በተረፈው ሦስት እሽግና 5 ሊትር ዘይት ገዝቻለሁ።
ባለቤቴም ጽፏል፣ ፓኬጅ በየቀኑ የ20 ብር 😏 ማኪያቶው ግን አልተጻፈም ዝም አልልም፣ ጠይቀዋለሁ። የእቁቡ ጸሐፊ 8ኛው የወጣለት ሰውዬ ለመቀየር እያሰበ ነው ብሎኛል፣ ማታ ሊደውልልኝ ነው።

ዝም አልልም፦
ሲደውል ንገሪን፣ ማኪያቶውንም