ቢጫው ሁሉ አደይ ነው እንዴ?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም የወሎ ልጆች። እሁድ ጠዋት የ7 ዓመት ልጄን ይዤ ከደሴ ወደ ጦሳ ወጣ አልን። መስከረም አይደል፣ ዳገቱ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። ልጄ ሁለት አበባ ቀጥፎ መጣና «እማ፣ አደይ የቱ ነው?» አለኝ። «ሁለቱም» አልኩት። «ታዲያ ቅጠላቸው ለምን አይመሳሰልም?»

እውነቱን ነው። የአንዱ ቅጠል እንደ እንስላል የተበጣጠሰ ነው። የሌላው ሙሉ ነው፣ ሲነኩት ይሻክራል። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም አንድ ላይ ሳስር ኖሬያለሁ። ለልጄ ትክክለኛውን ልነግረው እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ አስረዱኝ።

ደግሞ ወንዙ ዳር ቅጠለ ሰፊ ዛፍ አየን። ከአረንጓዴው መሃል አንዳንዱ ቅጠል ብርቱካን መስሏል። ታሞ ይሆን? አንድ መንገደኛ ዋንዛ ነው አለን።

ኩታበሬው፦
አብሽሪ እህቴ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የተበጣጠሰው አደይ ነው። ሻካራው መጭ ይባላል፣ የኑግ ዘመድ ነው። አባቴ ከጤፍ መሃል እየነቀለ ሲጥለው ነው ያደግኩት፤ ለገበሬ አረም ነው።

ቅጠሉ ካጠራጠረሽ አበባውን እይ። ከመጭ ዙሪያ አንዷን ቢጫ ቅጠል ንቀይና ወደ ዓይንሽ አስጠጊያት። ጫፏ ላይ ሦስት ጥቃቅን ጥርስ አላት። ልጅሽ ይቁጠራቸው፣ በጣም ደስ ይለዋል።

ባለቀፎ፦
መጭን አረም ብላችሁ አትናቁብኝ! ንቦቼ አደይና መጭን እኩል ነው የሚቀስሙት። ጓሮዬ ያሉት ቀፎዎች በዚህ ወር ጩኸታቸው ሌላ ነው። እነሱ አብበው ሲያበቁ ነው ማር የምቆርጠው፣ ቢጫ ማር።

ዛፉን በተመለከተ ዋንዛ አይመስለኝም፣ ብሳና ነው። አልታመመም፤ ያረጀው ቅጠል ሳይረግፍ በፊት እንደዚያ ብርቱካንማ ይሆናል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ገልብጠሽ ብታዪው ጀርባው ነጣ ይላል። የዋንዛ ቅጠል ሻካራ ነው፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ቢጫ ሆኖ እጅ ላይ የሚያጣብቅ። ዋንዛን በልጅነታችን ለቅመን በልተናል። የብሳናን ፍሬ ግን ልጁ አፉ ውስጥ እንዳያስገባ፣ አደራ።

የጦሳ ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከሥራ ስመለስ እሁድ ያሰርነውን አበባ ፈታነው። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆሞ አንድ በአንድ ጥርስ ቆጠረ። ከ11 ዘለላ አደይ የሆነው 4 ብቻ ነው! ለባለቀፎ ንቦች ብሎ መጩንም አልጣለውም፤ በሁለት ብርጭቆ ለየብቻ ውሃ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ቅዳሜ የብሳናውን ቅጠል ልንገለብጥ ወንዙ ዳር እንወርዳለን።