«ልቡ ሸፈተ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አጎቴ ያደገው መንዝ ነው። በደርግ ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሲያወራ «ልቤ ሸፈተ» ይላል። ግን ጫካ አልገባም። ተምሮ፣ ተሰልፎ፣ መፈክር ብሎ ነው ያለፈው። ታዲያ ሳይሸፍቱ እንዴት ይሸፈታል?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም በዚያው ዕድሜ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነበርኩ።

ሸፈተ ማለት አልገዛም ብሎ ዱር ገባ ማለት ነው። በእኛ አገር ቃሉ ነውር ብቻ አይደለም። ጣሊያን እነ ራስ አበበ አረጋይን ሽፍታ ይላቸው ነበር። አያቶቻችን ግን «ዱር ቤቴ ያለ ጀግና» ነው የሚሉት። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ሰው «ልቤ ሸፈተ» ሲል ራሱን እየወቀሰ አይደለም። እግሩ ሰልፍ ላይ ቆሟል፤ ልቡ ብቻውን ዱር ገብቷል። ከ«ልቡ ዋለለ» ጋርም አይምታታብሽ። የዋለለ ልብ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሸፈተው ግን ወጥቷል።

የኔ ልብ የሸፈተበትን ቀን አልረሳውም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ነው ተባለ። ከዚያ አፈሳ መጣ። አፈሰ እኮ የእህል ቃል ነው። እናቴ የተበተነ ገብስ በእፍኟ ታፍስ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከገበያ፣ ከመንገድ ልጅ ታፈሰ። አንድ ዴስክ የምንጋራው ጓደኛዬ ገበያ እንደወጣ ቀረ። ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሰኞ መምህሩ ስም ሲጠራ የሱን ዘለለው። ቀና ብሎም አላየኝ። ያን ጊዜ ነው።

ምን አደረግክ ብትይኝ፣ ትልቅ ነገር የለም። ግራ እጃችንን አንስተን «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» እንል ነበር። ከዚያ ወዲህ አፌን ከፍቼ ድምፅ አላወጣም። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመ ልጅም እንደኔ ሲያደርግ አየሁት። ተያየን። እስከ ዛሬ አላወራንበትም። ማታ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ የጀርመን ድምፅን ይሰማል፤ ሬዲዮው ጆሮው ሥር ነው። እኔ ጋቢው ውስጥ እገባለሁ። «እንዳትናገር» ብሎኝ አያውቅም።

ሌላ አባል፦ «ከአንገት በላይ» የሚለውም እዚህ ይገባል። ከአንጀት ያልሆነ ነገር ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። እናቶቻችን ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነበር። ደግሞ ለገመ አለ። እየቻሉ እንዳልቻሉ መሆን። ሰነፈ አይደለም። ሰነፍ አይሠራም፤ ለጋሚ አስቦበት ነው።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአጎቴ ደውዬ አነበብኩለት። ጓደኛዎ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ቆይቶ «እኔም ለግሜያለሁ» አለኝ። ጽሕፈቱ ስለሚያምር ለሰልፍ መፈክር ጨርቅ ላይ ያስጽፉት ነበር። አንዴ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች አግዝፎ አግዝፎ ጻፋቸው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም» ላይ ቦታው አለቀ። ካድሬው «ሞት የታለ?» አለው።

«ጨርቁ አጠረኝ አልኩት» ብሎ ነገረኝ።