እንግሊዝኛ ለማስተማር የትኛው መተግበሪያ ይበጃል? ጥቆማ ስጡኝ

ጥያቄ፦ ጀማሪ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰዋስው ይመልሳሉ፣ ያነባሉ፤ ተናገሩ ሲባሉ ግን ዝም። ዱኦሊንጎ፣ አንኪ፣ ካሁት፣ ቻትጂፒቲ እያለ ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ሰላም መምህር። አራቱንም ከተማሪዎቼ ጋር ሞክሬያቸዋለሁ። ችግሩ መናገር ከሆነ እኔ የምጠቁምዎ ቻትጂፒቲን ነው፤ እንደ ሰው የሚመልሰውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ የሚነጋገሩበትን። ዝም የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ቃል አጥተው አይደለም፤ ሰው ፊት መሳሳት እያሳፈራቸው ነው። ማሽኑ አይስቅባቸውም፤ አሥር ጊዜ ድገምልኝ ቢሉትም አይሰለችም።

ዝም ብለው ከለቀቋቸው ግን ወሬውን እሱ ይይዘዋል፤ ተማሪው አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትእዛዙን እኔው ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፦ «አንተ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነህ፤ እኔ ክፍል ፈላጊ ነኝ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አትናገር። ቀላል ቃላት ተጠቀም። መሃል ላይ አታርመኝ፤ ስንጨርስ ሦስት ስሕተቶቼን ብቻ ንገረኝ።» የመጨረሻዋን ትእዛዝ እንዳይተዉዋት። በየቃሉ የሚታረም ሰው አፉን ይዘጋል።

የቃላት አጠራርን ያርምልኛል ብለው ግን አይመኑት። የተሠራው የተባለውን እንዲረዳ ስለሆነ፣ ተማሪው think ለማለት «ቲንክ» አለም «ሲንክ» አለም ከዐውዱ ገምቶ ትክክለኛውን ቃል ይወስድለታል። ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። ለዚህ የስልካቸው ድምፅ መቅጃ ይበልጣል፦ አጭር ዓረፍተ ነገር ሰምተው፣ ደግመው፣ ቀድተው ሁለቱን ያስተያዩ። ኤልሳ ስፒክ የተባለው መተግበሪያ የተሠራው ለአጠራር ነው፤ የትኛው ድምፅ እንደተበላሸ ለይቶ ያሳያል፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን ያስከፍላል።

ለቃላት ያለ ጥርጥር አንኪ፤ በጥያቄና መልስ ካርዶች የሚያስጠና መተግበሪያ ነው። የከበደዎትን ቃል ቶሎ፣ የቀለለዎትን ከቀናት ከዚያም ከሳምንታት በኋላ መልሶ ያመጣል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ በአይፎን ይከፈልበታል። ጀማሪን ግራ ስለሚያጋባ ካርዶቹን እርስዎ ሠርተው ይስጧቸው፤ ነጠላ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከድምፁ ጋር።

ዱኦሊንጎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የማጥናት ልማድ ያስይዛል፤ የተሰጡ ቃላትን መደርደር ግን መናገር አይደለም። ካሁት የጥያቄ ውድድር ጨዋታ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ክለሳ ደስ ይላል። ነጥቡ ፍጥነትን ስለሚሸልም ረጋ ብሎ የሚያስበውን ተማሪ ይጎዳዋል፤ እኔ በቡድን አጫውታቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሾቹ ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ ስልክ ለሁለት ይበቃል፤ እንዲያውም እኔ ሆን ብዬ አደርገዋለሁ። አንዱ ከማሽኑ ጋር ሲነጋገር ሌላው የገባውንና ያልገባውን በደብተር ይይዛል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። በሦስተኛው ዙር ስልኩን አስቀምጠው ያንኑ ንግግር እርስ በርሳቸው ይጫወቱታል። ይህን ዙር ምንም ቢሆን አልዘለውም፤ ማሽኑ ማለማመጃ ነው፣ የሚፈሩት ሰውን ነውና።

ኢንተርኔት ለሌለበት ቀን የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽን የስድስት ደቂቃ ዝግጅት ከነጽሑፉ አስቀድመው ያውርዱ። ለጀማሪ ስለሚከብድ አንድ ደቂቃውን ብቻ ቆርጠው ያሰሟቸው፤ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ከጽሑፉ ጋር። አንኪም ካርዶቹ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።