ቃላት መስመር መጨረሻ ላይ እንዳይቆረጡ ያዘጋጀሁት ዝርዝር ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን አይሠራም?

ጤና ይስጥልኝ። በኢንዲዛይን (የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) የእንግሊዝኛና የአማርኛ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። በእንግሊዝኛው ክፍል የቦታ ስሞች መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቦታቸው ይቆረጣሉ፤ ላሊበላ (Lalibela) ተቆርጦ «Lal» ከላይ ቀርቶ «ibela» ወደ ታች ሲወርድ ማየት ያሳዝናል። ስሞቹ እንዳይቆረጡ ከፊታቸው የ«~» ምልክት አድርጌ በተጠቃሚው መዝገበ ቃላት (ፕሮግራሙ በኮምፒውተሬ ላይ በሚይዘው የቃላት ዝርዝር) አስገባኋቸው፤ በእኔ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል። ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሲከፍቱት ግን እንደገና ይሰበራሉ፣ መስመሮች ይገፋሉ፣ ማውጫው ከገጾቹ ጋር አይገጥምም። ፒዲኤፍ ላክ እንዳትሉኝ፤ የመጨረሻው እርማት እዚያው ስለሚገባ ክፍቱን ፋይል ይፈልጉታል።

ያስገባኋቸውን ቃላት በሙሉ ከተጠቃሚው መዝገበ ቃላት ወደ ሰነዱ በአንድ ጊዜ የማዛውረው እንዴት ነው? ከዚያስ በፕሮግራሙ ምርጫዎች (Preferences) ውስጥ መስመር ሲደረደር «ሰነዱን ብቻ» እንዲከተል ላድርገው ወይስ ሁለቱንም? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።