የድሮው ባንክ ቤት የጣሊያን ሥራ ነው?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ድሮ ባንክ የነበረ ጥቁር ድንጋይ ቤት እኔና ወንድሜ ለቡና ቤት ልንከራይ ነው። ሰው ሁሉ «የጣሊያን ቤት» ይለዋል። ውስጡ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች፤ በሯ ብረት ነው። ውጪውን በሲሚንቶ አስለስነን ነጭ ልንቀባው አስበናል። ታሪኩን የሚያውቅ አለ?

ጣናዬ፦ መስኮቱ ቅስት ከሆነ ያለ ጥርጥር ጣሊያን ነው።

ጡረተኛው ግንበኛ፦ ልጄ፣ እባክሽ ሲሚንቶውን አቁሚ!

ቤቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ከጠራቢዎቹ አንዱ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ ውሃ አመላልስላቸው ነበር። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጥቷል። ይሄ ቤት ግን የ1950ዎቹ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ የተሠሩበት፣ ከተማችን የምታድግበት ጊዜ ነበር። የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ የሆነውም ያኔ ነው፣ በ1956። ቅስትማ የጎንደር ግንበኞች ጣሊያን ከመምጣቱ 300 ዓመት በፊት ሠርተውታል። የእኛን ሰው እጅ ሥራ ለሌላ ስንሰጥ ያንገበግበኛል።

ከበሩ በስተግራ፣ ከታች ሦስተኛውን ድንጋይ ዳብሺው። ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ለስልሷል፣ መሃሉ ሸካራ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚጠርበው። መስኮት የሌላት ክፍል ካዝናው የነበረባት ናት።

አሁን ስለ ልስኑ። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ የክረምቱን እርጥበት ይጠጣና በበጋ ይመልሰዋል። ሲሚንቶ ሲለብስበት ውሃው መውጫ ያጣል። ግድግዳው ጨው ያወጣል፣ ልስኑ ይነሳል፣ ድንጋዩም አብሮ ይላጣል። በሥራ ዘመኔ ስንቱን አይቻለሁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከቤቱ መምጣቴ ነው። ድንጋዩን ዳበስኩት፣ እንዳሉት ነው። መጋጠሚያውን በሚስማር ብጭረው ነጭ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ቀለሙን ትተነዋል። የተቦረቦረውን ግን በምን እንድፈነው?

ጡረተኛው ግንበኛ፦ በኖራና በወንዝ አሸዋ፤ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። ኖራውን ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በትንሹ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲያቃጥል መጥፎ ነው፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ለግንበኛው እኔው መጥቼ አሳየዋለሁ። ዝናቡ ሳይጀምር ይሁን እንጂ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ቅዳሜ ጠዋት እንጠብቅዎታለን አባባ። ቡናውን እዚያው አፈላለሁ።