የልጄ ችፌና የሐሙሱ ቀጠሮ

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ ችፌ አለበት። ከጉልበቱ ጀርባ ሲያክ ያድራል፤ ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አያለሁ። ሐሙስ የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። እንግሊዝኛዬ ለገበያ እንጂ ለሐኪም አይበቃም። ባለፈው የ9 ዓመቷ ልጄ አስተረጎመችልኝ። «ያሳክከዋል» እና «ያቃጥለዋል» ተምታታባትና እንባዋ መጣ። አንጀቴን በላችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦
እህቴ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት። ዛሬውኑ ደውለሽ «አማሪክ ኢንተርፕሬተር» በያቸው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በፈረንጅ የ2010ሩ የአሜሪካ የጤና ሕግ ነው። ብዙ ጊዜ በስልክ ያገናኙሻል።

መልስ፦
የምትቀቢውን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጭምር። ሲብስበት ፎቶ አንሺው፤ የቀጠሮው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ደግሞ እኛ ቆዳ ላይ ችፌ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ይጠቁራል። የቱ ቅባት ለፊት፣ የቱ ለእግር እንደሆነ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! አሁን ደወልኩ፤ አስተርጓሚ መዝግበውልኛል። ልጄ ሐሙስ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ቅባቶቹን በፌስታል አድርጌ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ።