የኋላ በሩ ሰው ላይ የሚወድቅ መኪና ያላችሁ፣ እስኪ ምን አደረጋችሁ?

ሽምብጥ ሰፈር፦
ሰላም ቤተሰብ። ግራ ገብቶኝ ነው። መኪናዬ ባለ ሰባት ወንበር ኤስዩቪ ናት። ከዱባይ ያገለገለች የገባች፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ በሪሞት የሚከፈት። ስገዛት ሻጩ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ያሳየኝ ይህንኑ በር ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤን የወሰደው እሱ ነው።

አሁን በሩ ሁለት አመል አውጥቷል። አንደኛ፣ አንዳንዴ አይከፈትም። ሪሞቱን ስጫን ጢጥ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሌላ ቀን ደግሞ ማንም ሳይነካው እየነዳሁ "በር ክፍት ነው" የሚለው መብራት ይበራል። ሁለተኛው ይብሳል። ከተከፈተ በኋላ አይቆምም። ቀስ እያለ ይወርድና ግማሽ ላይ ሲደርስ ራሱን ይለቃል።

ባለፈው እሁድ እናቴን ይዤ ከዘጌ ስንመለስ ዓሣ ልንገዛ ሐይቁ ዳር ቆምን። እኔ ከልጆቹ ጋር በቆሮሶ ዋጋ ስከራከር እሷ ጎንበስ ብላ ጀሪካን ልታወጣ ስትል በሩ መጥቶ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስለነበር ነው እንጂ፣ ደግሞም ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ጭንቅላቷን ነበር የሚያገኛት፣ እንዴት አድርጎ እንዳተረፋት እሱ ይወቅ። ቀና ብላ "ይኼን የሸጠልህ ጠላትህ ነው?" አለችኝና ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ማታ የቡና ዘነዘናዋን አምጥታ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን በዘነዘና ደግፌ ነው ዕቃ የምጭነው። ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ጋ ሰው ያየኛል፣ ይስቃል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ብሎን ሳይፈታ "በሩን የሚከፍተው ሞተር ተቃጥሏል፣ 60 ሺህ ብር አዘጋጅ" አለኝ። ሻጩ ጋ ስደውል ደግሞ "የአጠቃቀም ችግር ነው" ይላል። እንዴት ተጠቅሜበት ነው በር የሚወድቀው? ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ዓባይ ማዶ ኤሌክትሪክ፦
እናትህን እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ሞተር እንዳትገዛ። 60 ሺህ ያለህ ሰውዬ መለኪያ እንኳ አላወጣም አይደል?

ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ እነሱ አንድ ላይ አስረው ሊሸጡልህ ነው። አለመከፈቱ ሽቦ ነው የሚመስለኝ። በሩን ክፈትና ላይኛው ማጠፊያ ጋ ተመልከት፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ አለ። የመቆለፊያው፣ የታርጋ መብራቱ፣ የካሜራው፣ የዋይፐሩ፣ ሁሉም ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ፣ የዱባይ ሙቀት ደግሞ ፕላስቲኩን አድርቆት ሲመጣ፣ ልባሱ ይሰነጠቅና መዳቡ ክር በክር ይበጠሳል። ከውጭ ስታየው ምንም አይመስልም። ማታ መብራት አብራና ጎማውን በእጅህ ወዲያ ወዲህ እሸው። የታርጋ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አገኘኸው ማለት ነው።

ሲሠራልህ በቴፕ ብቻ እንዳይጠቀልሉት። ቁራጭ ለስላሳ ሽቦ ገብቶ፣ በእርሳስ ተበይዶ፣ መጋጠሚያው ከሚታጠፈው ቦታ ራቅ ማለት አለበት። አለዚያ በሦስት ወር ትመለሳለህ።

የጎንደር መስመር፦
ኤሌክትሪሽያኑ ልክ ብሏል። እኔ ስለ መውደቁ ልጨምር፣ 20 ዓመት መሪ ይዣለሁ። መውደቁ ሾክ ነው። በግራና በቀኝ በሩን የሚሸከሙት ሁለት ዘንጎች ማለቴ ነው። ውስጣቸው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝና ጥቂት ዘይት አለ። ጋዙን የሚያግደው ጎሚኒ (ጎማው) ሲደክም ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል። ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጥረገው፣ ዘይት ከያዘ አልቆለታል። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል? ብርድ የጋዙን ግፊት ስለሚቀንስ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ደህና መስሎ ያታልልሃል።

ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር። አንዱን ብቻ ከቀየርክ በሩ ይጣመማል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ርካሽ አለ ይሉሃል፣ እንዳትሞክረው፣ እሱም እንዳንተው የደከመ ነው። አሮጌው ጎን ላይ ከ"ኤን" ፊደል ጋር የተጻፈ ቁጥር አለ፣ የጉልበቱ መጠን ነው፣ ያንኑ ቁጥር ግዛ። በስተን ጋዝ እንሞላልሃለን የሚሉህን ደግሞ ሽሻቸው፣ ያ ነገር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። አንድ ነገር አስቀድመህ እይ፣ ወደ ዘንጉ የሚገባ ሽቦ ካለ ጋዝ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ መኪና ዘንጉ ውስጥ ትንሽ ሞተርና ሞላ ነው ያለው፣ የሱ ዋጋ ሌላ ነው። ሾኩን ስትፈታ በሩን የሚይዝልህ ጎረምሳ ጥራ። ለዚያ ዘነዘናው አይበቃም።

ባጃጅ ይሻላል፦
ባጃጅ ግዛ። የኋላ በር የለውም።

እታለም፦
ኧረ ተው አትሳቁበት፣ እኔም ደርሶብኛል። የፋሲካ ዋዜማ ከገበያ ዶሮ ገዝቼ ኋላ አስገባሁ፣ ቤት ስደርስ በሩ እምቢ አለ። ዶሮው ውስጥ ይጮኻል፣ ልጆቼ ውጭ ይጮኻሉ። መጨረሻ ላይ በጎን በር ገብቼ የኋላውን ወንበር አጥፌ ተሳብኩ። በሩ ከውስጥ በኩል፣ መቆለፊያው አካባቢ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቄ ውስጧ ያለችውን ምላስ ወደ ጎን ስገፋት ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ዶሮው ከኔ ቀድሞ ወጣ። ብዙ መኪና ላይ አለች፣ ሳትቸገሩ በፊት ፈልጓት።

ደግሞ ወንድም ዓለም፣ "በር ክፍት ነው" የሚለው መብራት እየበራ አትንዳ። በደንብ ያልተዘጋ የኋላ በር አቧራውንም የራስህን ጭስ ማውጫ ጭስም ወደ ውስጥ ይስባል። በዘጌ መንገድ አቧራ ልብስህ ሲነጣ ታያለህ፣ ጭሱ ግን አይታይም። ከኋላ ልጅ ተቀምጦ ከሆነ አስቡት።

ፓፒረስ፦
የአጠቃቀም ችግር ላሉህ ይህን ንገራቸው። ጀነራል ሞተርስ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 780 ሺህ የሚጠጉ ትልልቅ ኤስዩቪዎችን ለጥገና ጠርቷል፤ ከ2007 እስከ 2012 ሞዴል የሆኑ አካዲያ፣ ትራቨርስ፣ ኢንክሌቭና አውትሉክ። ምክንያቱ ይኸው ያንተው ነው፣ ሾኩ ያለጊዜው እየደከመ በሩ ሰው ላይ ይወድቅ ነበር። 56 ሰው መጎዳቱ ያኔ ተዘግቧል። ያደረጉት የበሩን ሞተር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማስተካከል ነው። ሰው ሁሉ አጠቃቀም ጠፍቶት አይደለም።

ያንተ ሌላ ብራንድ ቢሆንም የሻንሲ ቁጥሯን፣ 17ቱን ፊደልና ቁጥር፣ የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ትችላለህ። ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ካልሆነች እዚያ አትወጣም፣ የዱባይ ከሆነች አምራቹን ራሱን ጠይቅ። ከገዛህ ስንት ጊዜ ሆነህ? የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብሩ እንዲመለስ መጠየቅ ይፈቅዳል።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። 15 ቀኑማ በሩን እየከፈትኩ ለጓደኛ ሳሳይ አለቀ።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጎማውን ገልብጠን አየን። አራት ሽቦ ተጎድቷል፣ ሁለቱ ጨርሰው ተበጥሰዋል፣ አንዱ በሁለት ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ነበር። 1,500 ብር ከፈልኩ። ባትሪ ፈተን ስለነበር ወዲያው አልሠራም፣ ልቤ ወደቀ። ኤሌክትሪሽያኑ በሩን በእጁ ድርግም አድርጎ ዘጋውና እንደገና ሞከረ፣ ተከፈተ። ባትሪ ሲፈታ በሩ የት እንዳለ ይረሳል አለኝ። መብራቱም ጠፋ። ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ሾኩ ግን ሁለቱም ዘይት አልቅሷል። ቁጥሩን ልኬ ከአዲስ አበባ አዲስ አዝዣለሁ፣ ገና አልደረሰም። ዛሬ ጠዋት እናቴ ቡና ቆልታ መውቀጫው ፊት ቁጭ ብላ "ና ያንን የመኪናህን ምሰሶ አምጣ" አለችኝ። ሾኩ እስኪመጣ እንዲህ ተስማምተናል፦ ጠዋት የሷ ነው፣ ከሰዓት የኔ።